ለምድሪቱ ወይስ ለምድጃው?
ከግቢያችን ተቆርጦ ስለሚወድቀው ቅጠልና ጭራሮ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በየቁምስናችን ግቢ አንድ የተለመደ ሥራ ይጀመራል። በዝናቡ ወራት ያለ ልክ ያደገው የጥድ አጥር ይከረከማል፤ ሣሩ ይታጨዳል፤ በመተላለፊያው ላይ የተንሰራፋው የጽጌረዳና የቡና ቅርንጫፍ ይገረዛል። የተቆረጠውም ሁሉ በአንድ ማዕዘን ይከመርና ጥቂት ቀን ፀሐይ ከመታው በኋላ ክብሪት ይጫርበታል። ጢሱ በሰፈሩ ላይ ሲያንዣብብ ያየ ሁሉ «ግቢው ጸዳ» ይላል። እኛም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስንል ኖረናል።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ ክምር የሚነሣ ነው። አንዳንድ አንባብያን «ስለ ቅጠል ክምር ምን የሚያወያይ የግብረ ገብ ጉዳይ አለ?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የሰው ኅሊና የሚፈተነው በታላላቅ ጉዳዮች ብቻ አይደለም። ታላቁ ፈተና ሲመጣ ብዙዎቻችን ነቅተን እንጠብቀዋለን፤ በየዓመቱ ሳናስበው የምንደጋግመው ትንሹ ሥራ ግን ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ጥያቄአችን ይህ ነው፦ ከእጃችን የወደቀው፣ እኛም አንፈልገውም ብለን የተውነው ነገር የማን ነው?

በመጀመሪያ የመሬቱን ነገር እንመልከት። አንድ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን የሚሠራው ከአየርና ከብርሃን ብቻ ሳይሆን ሥሩ ከአፈር ከሚያወጣው ንጥረ ነገርም ነው። ያ ቅጠል ረግፎ በዚያው በሥሩ ቢበሰብስ ከአፈር የተወሰደው ወደ አፈር ይመለሳል። ብናቃጥለው ግን ናይትሮጂኑ አብዛኛው ከጢሱ ጋር ይበንናል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም ሳይፈጠር ይቀራል። የሚተርፈን ጥቂት አመድ ነው።

ከዚህም ሌላ ቅጠል የተገፈፈ መሬት ራቁቱን ነው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ እስከ 9 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወርዶ ባዶውን አፈር ሲመታው አፈሩን ይበታትነዋል፤ ጎርፉም የተበተነውን ጠርጎ ይወስዳል። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ተመራማሪ በአገራችን ደጋማ ክፍል ለረጅም ጊዜ ባካሄዱት ጥናት ከታረሰ መሬት በየዓመቱ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ በመላው ማሳ ላይ ሲታሰብ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይጠጋል። በአንድ ዓመት ለዓይን የማይታይ ልዩነት ነው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን ማሳው ከጭንጫ ላይ ይደርሳል። አባቶቻችን «መሬት ሲያረጅ መጭ ያበቅላል» ያሉት እንዲህ ያለውን ድካም አይተው ነው።

የተቆረጠውን ቅጠልና ቀጭን ቅርንጫፍ ከትፎ በተክሉ ሥር ማልበስን የእርሻ ባለሙያዎች «ጉዝጓዝ» ይሉታል። ቃሉ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በዓል ሲደርስ ወይም እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ጠርገን ቄጤማ እንጎዘጉዛለን። ለአትክልቱ የሚደረገውም ጉዝጓዝ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የጠብታውን ምት ይቀበላል፤ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳይመጠው ይከልላል፤ አረም ብርሃን አጥቶ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ቀስ በቀስም በስብሶ ምግብ ይሆናል። ቻርልስ ዳርዊን በ1881 (እ.ኤ.አ.) ስለ መሬት ትሎች ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህ ትሎች የወደቀውን ቅጠል ወደ ጉድጓዳቸው እየጎተቱ እንደሚያስገቡና አፈሩን ዘወትር እንደሚያገላብጡ በብዙ ዓመታት ምልከታ አስረድቷል። ጉዝጓዝ ባለበት ሥራው ለእኛ ብቻ አልተተወም ማለት ነው።

ይህን ለመሞከር ለሚያስቡ አንባብያን ጥቂት ነገር እንጠቁም። መክተፊያ ማሽን ያለው ሥራውን በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ የሌለው ደግሞ ቅርንጫፉን በግንድ ላይ አስደግፎ በገጀራ ጣት በሚያህል ርዝመት ይቆራርጠዋል። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ከተክሉ ግንድ ግን ጥቂት ጣት ያህል መራቅ አለበት፤ አለዚያ ግንዱን ያበሰብሰዋል። እርጥብ ሣር በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ቢነጠፍ ይታፈናል፤ ይሸታልም፤ ስለዚህ በስሱ እየደረቡ መጨመር ይሻላል። የእንጨቱን ስብርባሪ ከላይ ማልበስ እንጂ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ አይገባም፤ ከተዋሐደ እስኪበሰብስ ድረስ የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማልና። ዘር የቋጠረ አረምና የታመመ ተክል አይጨመርበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል በውስጡ ያለው ዘይት የሌላውን ዘር መብቀል ስለሚያውክ ለችግኝ መደብ አይሆንም። ምስጥ በሚበዛበት ቆላማ ስፍራም ጉዝጓዙን ከቤት ግድግዳ ማራቅ ያስፈልጋል።

ይህ እውቀት ከመጻሕፍት ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። በደቡብ ኢትዮጵያ የጌዴኦ ሕዝብ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና እንሰት አቀላቅሎ ሲተክል ኖሯል። ቁልቁለቱ እጅግ በበረታበት ስፍራ እንኳ መሬቱን ዘወትር ቅጠል ያለብሰዋል፤ አፈሩም በቦታው ይቆያል። ዩኔስኮ ይህን ባሕላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ አገር የረገፈ ቅጠል ቆሻሻ የሚባልበት ምክንያት የለም።

እኛም ይህን ሁሉ ከተረዳን በኋላ በምናገለግልበት ቁምስና ግቢ እሳቱን አቁመን ጉዝጓዙን ጀመርን። ወጣቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የአጥሩን ክርክም ከተፉ፤ ከቀጭኑ ቅጠል እስከ አውራ ጣት የሚያህለው ጭራሮ ድረስ ምንም ሳይቀር በቡናው፣ በጎመኑና በአበባው ሥር ተነጠፈ። በኅዳርና በታኅሣሥ የጎረቤቱ መሬት ሲሰነጣጠቅ የእኛው መደብ በእጅ ሲዳሰስ እርጥብ ነበር። ውኃ የምናጠጣበትም ቀን ቀነሰ። ደስ አለን፤ እንዲያውም ጥቂት ኮራን።

አንድ ቀን ማለዳ ግን አንዲት እናት ከበሩ ላይ ቆመው አረጋዊውን ዘበኛ «ጋሼ፣ ዘንድሮ አጥሩ አልተቆረጠም እንዴ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ዘበኛውም «ተቆርጧል፤ አሁን ለአትክልቱ ሆነ» አሏቸው። እኒያ እናት ከቡናው ሥር የተነጠፈውን ጥቂት ጊዜ ተመለከቱና «እሰይ፣ ጥሩ ነው። እኔ እንኳ ጭራሮውን ብዬ ነበር» ብለው ባዶ ገመዳቸውን እንደ ያዙ ተመለሱ። ኋላ ዘበኛውን ስንጠይቃቸው እንደ ነገሩን ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት ሦስት አራት እናቶች ጎህ ሲቀድ እየመጡ ለማገዶ የሚሆነውን ለቅመው ይወስዱ ነበር። ዘበኛው ማንንም ሳያስፈቅዱ በሩን ይከፍቱላቸው ኖረዋል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያቃጠልነው ከእነርሱ የተረፈውን ነበር፤ ዘንድሮ ግን በመልካም አሳብ ተነሣሥተን ምንም አላስቀረንላቸውም።

በመጀመሪያ የተሰማን ኀፍረት ነበር። ኀፍረቱ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው በፊታችን ቆመ፦ ያ ጭራሮ ለምድሪቱ ነው ወይስ ለምድጃው? ስንወያይም ሁለት መልሶች ወዲያው ቀረቡ፤ ሁለቱም ቀላል መስለው ታዩን።

አንደኛው መልስ «ሰው ከመሬት ይበልጣልና ሁሉንም ለእናቶቹ እንተው» የሚል ነበር። ልብን የሚነካ መልስ ነው። ነገር ግን መሬቱን ያለማቋረጥ እየገፈፉ ለሰው መስጠት ለሰውም አይበጅም። በብዙ የአገራችን ገጠር ማገዶ ሲጠፋ ገበሬው ለማሳው ይሆን የነበረውን ኩበት ያነዳል፤ የሰብሉ ተረፈ ምርትም ለከብትና ለእሳት ይውላል። ማሳው ሲደክም ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ችግሩ መጀመሪያ የሚገባው ባዶ ጎተራ ወዳለው ሰው ቤት ነው። ስለዚህ መሬቱን የረሳ ርኅራኄ ለዛሬው ድኻ ሰጥቶ ከነገው ድኻ ሊወስድ ይችላል።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ «መሬቱ የሁሉ እናት ነውና እርሱ ይቅደም፤ ጥቂት ጭራሮ ምን ያህል ነው?» የሚል ነበር። ይህኛው ጥበብ የተሞላ ይመስላል፤ ግን በውስጡ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ገና ስላልተወለዱት ድኾች እየተናገርን በራችን ላይ ስለ ቆሙት እናት ዝም እንድንል ያደርገናል። ደግሞም ጭራሮው ጥቂት ነው ያልነው እኛ ነን። አባቶች «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። ስለ ክርክሙ የመከርንበት ስብሰባ ላይ የአትክልት ፍቅር ያላቸው ነበሩ፤ ስለ አፈር ያነበቡም ነበሩ፤ በጀርባው ማገዶ ተሸክሞ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ስሕተታችን የጀመረው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጉዝጓዙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መልካሙን ነገር ከማን ወስደን እንደምናደርገው ሳንጠይቅ መጀመራችን ነው።

ሁለቱን መልሶች ስንመዝን የቅዱሳት መጻሕፍት አሳብ ትዝ አለን። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የእርሻ ባለቤት የማሳውን ዳርቻ አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም ታዝዟል፤ ያ ለድኻውና ለመጻተኛው የተተወ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ትእዛዙ ባለቤቱን «ከጎተራህ አውጥተህ ስጥ» የሚለው አለመሆኑን ነው። የሚከለክለው አሟጦ መሰብሰብን ነው። ጠንቃቃ ሠራተኛ ምንም ሳያስቀር መሰብሰብን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል፤ ሕጉ ግን ከሙያው በላይ የሌላውን ድርሻ አስቀመጠ። እኛም ምንም ሳይቀር ከተፍን ብለን የኮራንበት ነገር በዚህ ሚዛን ሲታይ ሌላ መልክ አገኘ።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 ደግሞ መሬት በሰባተኛው ዓመት እንዲያርፍ ታዝዟል፤ በዚያ ዓመት በራሱ የበቀለውን ድኾች ይበላሉ፤ ከእነርሱ የተረፈውን የዱር እንስሳት ይበላሉ። የመሬቱ ዕረፍትና የድኻው ምግብ የተጻፉት በአንድ ትእዛዝ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስም በ2015 (እ.ኤ.አ.) «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድኾችን ጩኸት ለያይተን እንዳንሰማ አሳስበዋል። እንግዲህ «ለምድሪቱ ወይስ ለምድጃው?» ብለን ስንጠይቅ ምናልባት ጥያቄውን ያቀረብንበት መንገድ ራሱ ልክ አልነበረም። ሁለቱን ባላጋራ አድርገን አቆምናቸው፤ ሦስተኛውን ባለ ጉዳይ ግን፣ ይኸውም ራሳችንን፣ ከክርክሩ አወጣነው።

እውነተኛው ባላጋራ የቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት እሳቶችን መለየት ይጠቅማል። አንዱ በጉልቻ ሥር የሚነድ፣ እንጀራ የሚጋገርበትና የልጆች ራት የሚበስልበት እሳት ነው። ይህን እሳት የሚያነድድ ሰው መሬቱን ቢጎዳ እንኳ ችግር ገፍቶት ነው፤ ሌላ ምርጫ ያለው ሰው ሊወቅሰው አይገባም። ሌላው እሳት በግቢያችን ማዕዘን የሚነድ ነው። በእርሱ ላይ ድስት አልተጣደበትም። ክምሩ ዓይናችንን ስላስቀየመው ብቻ ይነድዳል፤ ለአፈሩም ለሰውም ሳይሆን ይጠፋል። በኅሊና ፊት ተጠያቂ የሚያደርገን ይህኛው ነው።

ከማቃጠል ይልቅ በመኪና አስጭኖ «ወደ ውጭ» መጣልም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ውጭ የምንለው ስፍራ የሌላ ሰው ሰፈር ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። የግቢያችን ቅጠል ያን ክምር አቆመው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከዓይናችን የራቀው ሁሉ የጠፋ እየመሰለን እንዳንታለል ያ ቀን ሊያስተምረን ይገባ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? በመጀመሪያ ያልጠየቅናቸውን ጠየቅን። እኒያን እናትና ጓደኞቻቸውን ዘበኛው ጠርተውልን በግቢው አብረን ቁጭ አልን። ከእነርሱም እኛ የማናውቀውን ሰማን። ቅጠል ያልተራገፈለት እርጥብ ጭራሮ ቤቱን በጢስ ይሞላል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ እነርሱ የሚፈልጉት ቅጠሉ የተመለመለና የደረቀ እንጨት ነው። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠል ግን ለምጣድ ተወዳዳሪ የለውም አሉን፤ እርሱ ደግሞ ለአትክልቱ የማይስማማው ነው። እንዲህም ሆኖ ክፍፍሉ ከሞላ ጎደል በራሱ መጣ፦ ከእርሳስ የሚወፍረው ጭራሮና የባሕር ዛፉ ቅጠል ለምድጃው፤ የጥዱ ልምላሚ፣ ሣሩና ለስላሳው ቅጠል ለምድሪቱ። ወጣቶቹ ቅርንጫፉን ይመለምላሉ፤ እናቶቹ በጥላ ሥር የደረቀውን በሳምንት አንድ ቀን በሩ ተከፍቶላቸው ይወስዳሉ፤ ጎህ ሳይቀድ መምጣት አያስፈልጋቸውም።

ነገሩ በዚህ ሙሉ በሙሉ ተፈታ ብንል ግን አንባብያንን ማታለል ይሆናል። ክርክሙ ጥቂት የሚሆንበት ወር አለ፤ በዚያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይጎድልበታል። እንዲህ ሲሆን ምድጃው ይቀድማል ብለን ወስነናል፤ የአትክልቱ መደብ አንድ ወር ሊታገሥ ይችላል፤ የልጆች ራት ግን አይታገሥም። ይህን ስንል ግን መሬቱ ያበደረን እንጂ የሰጠን አይደለም ብለን እናስበዋለን፤ በሚቀጥለው ክረምት ልንመልስለት ይገባናል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ብድሩን መቀነስ ነው። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ባነሰ እንጨት ያበስላል፤ ጢሱም ይቀንሳል። ለአትክልቱ ማሽን ለመግዛት ያሰብነውን ገንዘብ ለእነዚህ ምድጃዎች ብናውለው መሬቱ የበለጠ ጉዝጓዝ እንደሚያገኝ ተገነዘብን። ለሰው የተደረገው ለመሬቱም ይተርፋል።

ትምህርተ ክርስቶስ ለሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች አንድ አሳብ እናቅርብ። ስለ ባልንጀራ ፍቅር በምታስተምሩበት ሳምንት ልጆቹን ወደ ግቢው አውጧቸው። ጉዝጓዙን በእጃቸው ገለጥ አድርገው እርጥበቱንና ትሉን ይዩ፤ ከአጠገቡ ያለውን ባዶ መሬትም ይንኩ። ከዚያም «ይህ ቅጠል እዚህ ባይሆን ኖሮ የት ይሆን ነበር? ማንስ ይፈልገው ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን አትንገሯቸው። ከልጆቹ መካከል በቤቱ ምን እንደሚነድድ የሚያውቅ አይጠፋም፤ እርሱ ይናገር፤ ሌሎቹም ይስሙት።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓመትም አጥሩ ይከረከማል። በየቁምስናው፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤታችን ግቢ ክምሩ ይቆማል። ክብሪቱን ከማንሣታችን በፊት፣ ገጀራውንም ቢሆን ከማንሣታችን በፊት፣ ወደ በሩ ሄደን ዘበኛውን እንጠይቅ፦ «ጋሼ፣ ከዚህ የሚወስድ ሰው አለ ወይ?»